ወደ ደኅና ስፍራ

በ1965 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መምህር ኃይለመስቀል ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ተጠርቶ ሐረር ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሲሄድ የተነገረው ነገር ቢኖር ለጥቂት ጊዜ አስተርጓሚ እንደሚሆን ብቻ ነበር። ማንን ለማን እንደሚያስተረጉም አልጠየቀም። እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ለዚህ ነው የፈለጉኝ ብሎ አሰበና ኮቱን አራግፎ ሄደ። አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር ውጭ ከእናቱ ከወይዘሮ እልፍነሽ ጋር የሚኖር፣ ዝምታ የሚወድ ሰው ነበር።

ቢሮው ውስጥ ሁለት ሰዎች ጠበቁት። አንደኛው ሻለቃ ግርማ የሚባል ረጅም መኮንን ነው። ሌላው ሚስተር ሃርፐር የሚሉት፣ ከውትድርና ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ነው። ነገሩን ያስረዳው ሻለቃው ነበር። ከወሰን ማዶ ያለው ጎረቤት አገር ከአንደኛው ኃያል መንግሥት ጄትና ሮኬት አግኝቷል ይባላል። እኛን የሚረዳው ሌላው ኃያል መንግሥት ደግሞ ይህን ሰምቶ ሚስተር ሃርፐርን ልኳል። ሐኪም ጋራ ላይ፣ ከከተማው በስተደቡብ ካለው ኮረብታ፣ የሩቁን የሚያይ ራዳርና የሚመጣውን አየር ላይ የሚመታ መሣሪያ ይተከላል። የመሬቱ ባለቤቶችና የከተማው ሕዝብ እንዳይደናገጡ ነገሩ በአማርኛ መነገር አለበት።

ኃይለመስቀል የመጀመሪያውን ቀን በቃል ፍለጋ አሳለፈ። ሮኬት የሚለውን ሕዝቡ ያውቀዋል፤ ወደ ጨረቃ የሄደው ነው። ሮኬትን የሚመታ ሮኬት ግን ምን ይባላል? ፀረ ሮኬት ብሎ ሞከረው፤ የትንኝ መድኃኒት መሰለበት። በመጨረሻ ጋሻ ለማለት ወሰነ። ሻለቃውም ወደደለት።

ከመሬቱ ባለቤቶች አንዱ በድሪ ነበር። በድሪ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ቅመም የሚነግድ ሐረሪ ነው፤ ሐኪም ጋራ ላይ ከአባቱ የወረሰው የቡናና የጫት ማሳ አለው። ከኃይለመስቀል ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ ወዳጆች ናቸው። ስብሰባው የተደረገው በዚሁ ማሳ ጠርዝ ላይ ካለ ሾላ ሥር ነው። ሻለቃው ተናገረ፤ ፈረንጁ ተናገረ፤ ኃይለመስቀል እየተቀበለ አስተላለፈ። በድሪ እጁን አነሣ።

«መምህር፣ ይህ ነገር ይወጋል ወይስ ይከላከላል ብለህ ጠይቅልኝ።»

ሚስተር ሃርፐር ይከላከላል እንጂ በፍጹም አይወጋም አለ። ጋሻ ነው፣ አይወጋም ብሎ ኃይለመስቀል አስተላለፈ። በድሪ ግን አልተቀመጠም። ሻለቃው አስቀድሞ ሲናገር መሣሪያው መተከሉን ከማዶ ያሉት ሲሰሙ ሊቆጡ ስለሚችሉ ወሬ እንዳታበዙ ብሎ ነበርና፣ ጋሻ ከሆነ የሚቆጡት ስለ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

ፈረንጁ ረዘም ያለ መልስ ሰጠ። ሁለት ሰዎች ጦር ይዘው ተፋጠው ቆመዋል እንበል አለ። ሁለቱም ጋሻ ከሌላቸው ማንም አይጀምርም፤ የጀመረውም ይሞታልና። አንዱ ጋሻ ካነሣ ግን ሌላው፣ ይህ ሰው ሊወጋኝና የእኔን ሊመክት ነው ብሎ ያስባል፤ ስለዚህ ጋሻውን አስተካክሎ ሳይይዝ ቀድሞ ሊወጋው ይችላል። ኃይለመስቀል ይህን ሲያስተላልፍ መሃል ላይ ቃሉ ጠፋበት፤ የቱ ሰው የቱን እንደሚወጋ ተምታታበትና ከመጀመሪያው ጀመረ።

በድሪ ጢሙን እያሻሸ ሰማው።

«ታዲያ ጋሻ የሌለው ሰው ነው ደኅና የሚያድረው?»

ሚስተር ሃርፐር ሳቀና በሁለቱ ኃያላን መካከል እንደዚያ ነው ለማለት ይቻላል አለ፤ በቀደመው ግንቦት፣ ከሮኬት የሚከላከል ሮኬት ከተወሰነ በላይ እንዳይተክሉ ተፈራርመዋልና። ኃይለመስቀል ይህን ወሬ ያን ጊዜ ጋዜጣ ላይ አንብቦት የማተሚያ ስሕተት መስሎት ነበር። ከተሞቻችንን አንጠብቅም ብሎ የሚፈራረም መንግሥት ይኖራል ብሎ አላሰበም። ሻለቃ ግርማ እንግሊዝኛ ያውቃልና ተርጓሚ ሳይጠብቅ ገባበት፤ ያ ሺህ ሮኬት ላላቸው የሚሆን ነው፣ እኛ ምን አለንና ነው ያለ ጋሻ የምንቀመጠው አለ። ፈረንጁ መለሰለት፤ ሻለቃውም መለሰ። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። ኃይለመስቀል በመካከላቸው ቆሞ ይተርጉም ወይስ አይተርጉም አላወቀም።

«ምን ይላሉ?» አለ በድሪ።

«እየተመካከሩ ነው» አለ ኃይለመስቀል።

የማሳው ግማሽ ተወሰደ። ነገሩ ሲያበቃ ይመለስልሃል ተባለ፤ ነገሩ መቼ እንደሚያበቃ ግን የነገረው የለም። ቡናው ተነቀለና ሲሚንቶ ፈሰሰበት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትልልቅ መኪናዎች እየተጎተቱ ወጡ። ከከተማው ሆኖ ወደ ኮረብታው የሚያይ ሰው አንድ የሚሽከረከር ነገርና ሸራ የለበሱ ረጃጅም ነገሮችን ይመለከት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐረር ውስጥ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ጠፋ። ገሚሱ አሁን ተጠበቅን አለ። ገሚሱ ደግሞ እስካሁን ማንም አያስታውሰንም ነበር፤ አሁን ግን ዓይን ውስጥ ገባን አለ። ነጋዴዎች ሸቀጥ ማምጣት ቀነሱ፤ ወዲያው ደግሞ ይወደዳል ብለው አበዙ። ኃይለመስቀል ነገሩን ያውቃል ተብሎ በየመንገዱ ይጠየቅ ጀመር። ለአንዱ አትፍራ ይለዋል፤ ለሌላው ጥንቃቄ አይከፋም ይለዋል፤ ወደ ቤቱ ሲገባ የቱን እንደሚያምን ራሱም አያውቅም።

እናቱ ወይዘሮ እልፍነሽ ግን የራሳቸው እውቀት ነበራቸው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሐረርን በአውሮፕላን ሲደበድብ እዚሁ ነበሩ። ያን ጊዜ ከተማዋ ጦር የሌለባት ክፍት ከተማ ናት፣ ማንም አይነካትም ተብሎ ነበር ይላሉ። ተነካች። እሳቸው ኃይለመስቀልን አዝለው ወደ ሜዳው ሮጡ፤ ቦይ ውስጥ ተኝተው ዋሉና ተረፉ። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን በመጣ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚገባ ሰው ወደ መቃብሩ በእግሩ የሚገባ ነው ሲሉ ኖረዋል። የበድሪ እናት ሐዲያም በዚህ ይስማማሉ። በዚያው ዓመት ወንድማቸው ግንቡ ውስጥ፣ በቤታቸው ጣሪያ ሥር ነው የቀሩት። የሐረሪ ቤት ጣሪያ ግንድ ተረብርቦ አፈር የተደለደለበት ነው፤ ሲወድቅ ለነፍስ የሚተርፍ ክፍተት የለውም። ሁለቱ አሮጊቶች በልጆቻቸው ወዳጅነት ተዋውቀው ሲጠያየቁ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህም ያለ ክርክር የሚለያዩበት ብቸኛው ጨዋታቸው ነበር።

ጥር ላይ ሚስተር ሃርፐር ሕዝቡ ልምምድ ማድረግ አለበት አለ። የማስጠንቀቂያ ጩኸት ሲሰማ ሁሉም ወደ ተዘጋጀለት ቦታ ይሄዳል፤ ሁለተኛ ጩኸት ሲሰማ ይመለሳል። ቦታው የት እንደሆነ ሲጠየቅ በወፍራም ግንብ የተሠራ ቤት ውስጥ አለ። ሻለቃ ግርማ ይህን ሲሰማ ተነሣ። እነዚያ ቤቶች ዕድሜ ከጠገቡ ቆይተዋል፣ ሕዝቡን ወደ ሜዳ ማውጣት ነው እንጂ አለ። ፈረንጁ በሜዳ ላይ የሚፈነዳ መሣሪያ ምን እንደሚያደርግ በጠረጴዛው ላይ በጣቱ እየሳለ አሳየው። ሻለቃውም በዚያው ጠረጴዛ ላይ መለሰለት። ከሰዓት በኋላ ደከማቸውና ማስታወቂያውን አንተ አርቅቀው ብለው ለኃይለመስቀል ተውለት።

«ወደ ውስጥ ልበል ወደ ውጭ?» ሲል ጠየቀ።

ሻለቃው መስኮቱን እያየ መለሰለት። «ወደ ደኅና ስፍራ በላቸው። ሰው ደኅና ስፍራውን ያውቃል።»

ኃይለመስቀልም እንዲሁ ጻፈው። ጩኸት ሲሰማ ሁሉም ሰው ወደ ደኅና ስፍራ ይሂድ። በድሪ ወደ ሐረሪ መለሰው፤ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ ኦሮምኛ። ድምፅ ማጉያ የተጫነበት ላንድሮቨር ሳምንቱን ሙሉ በግንቡ ውስጥም በውጭም እየዞረ አስነገረው። ሕዝቡ ሰማ፤ የገባውም ያልገባውም እሺ አለ።

ልምምዱ የተደረገው በገበያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ ነው። ኃይለመስቀልና በድሪ ከሚስተር ሃርፐርና ከሻለቃው ጋር ግንቡ ውስጥ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ቆመዋል። ኃይለመስቀል ከቤት ሲወጣ ለእናቱ ፈረስ መጋላ እንደሚሆን ነግሯቸው ነበር፤ እርስዎ እንዳይደናገጡ፣ ጨዋታ ነው ብሏቸዋል።

ጩኸቱ ተነሣ። ኃይለመስቀል እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፤ ከመሬት የሚወጣ ይመስል ነበር። ለጥቂት ጊዜ አደባባዩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቆሞ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ሁሉም ሮጠ። ችግሩ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አለመሮጡ ነው። ከገበያው ውስጥ ያለው ከጣሪያ ሥር ለመውጣት ወደ በሮቹ ሮጠ። ከውጭ ያለው ግንቡ ያድነኛል ብሎ በእነዚያው በሮች ወደ ውስጥ ሮጠ። በርበሬ የያዘ ጆንያ ተዘርግፎ ሰው እያስነጠሰና እያለቀሰ ይሮጣል። አህያ ከነጭነቷ ጠባቧ መንገድ ላይ ቁጭ አለች።

በዚህ መሃል ከላይ የአውሮፕላን ድምፅ መጣ።

ኃይለመስቀል ልምምድ መሆኑን ያውቃል። ማስታወቂያውን የጻፈው እሱ ነው። ሆኖም ድምፁን ሲሰማ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደፍ ላይ ወደቀና ጭንቅላቱን በክንዱ ሸፈነ። ቀና ሲል ሚስተር ሃርፐር ባርኔጣውን ይዞ ወደ ሰማይ እያየ፣ የእናንተ ነው ብሎ ሻለቃውን ሲጠይቅ ሰማ። የሻለቃው ፊት አመድ መስሎ ነበር። አውሮፕላኑ ብርማ ሆድ ያለው የመንገደኞች አውሮፕላን ነበር፤ ዝም ብሎ ወደ ድሬዳዋ አለፈ።

«አሁን እውነት ነው ወይስ ልምምድ?» አለ በድሪ ከአጠገቡ ተጋድሞ።

«ልምምድ ነው።»

«ወላሂ በል።»

ኃይለመስቀል ሊምል አፉን ከፈተና ተወው።

ሁለተኛው ጩኸት ተነሣ። የማብቂያው መሆኑን ከአራቱ ሰዎች በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ሕዝቡ ሌላ መጣ ብሎ የባሰ ሮጠ። ከሸዋ በር በኩል የሰው ጩኸት ሲሰማ በድሪ ተነሣ። የእናቱ ቤት ከዚያ በር አጠገብ ነው። ኃይለመስቀልም ተከተለው።

በሩ ሞልቶ ነበር። የሚወጣውና የሚገባው እንደ ሁለት ጎርፍ ተጋጥሞ ቆሟል፤ ማንም አያልፍም፣ ማንም አይመለስም። ሁለቱ ሰዎች በትከሻቸው እየገፉ፣ በአማርኛም በሐረሪም ልምምድ ነው፣ አልቋል እያሉ እየጮኹ ገቡ። የሚሰማቸው አልነበረም። ከበሩ ቅስት ሥር፣ ግድግዳው ጥግ፣ ሁለት አሮጊቶች ተያይዘው አገኙ። ሐዲያ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ እልፍነሽ በላያቸው ጎንበስ ብለው፣ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው ሕዝቡን በጀርባቸው ይገፋሉ። ያ እጃቸው ተሰብሮ ነበር። ኃይለመስቀል ስማቸውን ሲጠራ ዞረው አዩትና፣ ሳይነግሩት እጃቸውን አወረዱ፤ ክንዳቸው የሌላ ሰው ክንድ መስሎ ተንጠለጠለ።

ሆስፒታል ውስጥ ክንዳቸው በጀሶ ሲታሰር ኃይለመስቀል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንድ ነገር እየከነከነው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ወደ ሜዳ ሲሉ የኖሩ ሰው ወደ ግንቡ ምን አስሮጣቸው? ቤታቸው ከበሩ ውጭ ነው፤ ሜዳው ከጓሯቸው ይጀምራል። ሐዲያ እንኳ ሊያወጧቸው እጃቸውን ይዘው ሲጎትቱ፣ እናቱ ደግሞ ልቀቂኝ፣ እገባለሁ ሲሉ እንደነበር በድሪ ነግሮታል። በዚያ ጉተታ ላይ ነው ሐዲያ የወደቁት። ኃይለመስቀል ከዚህ በላይ መታገስ አልቻለም።

«እማዬ፣ ሜዳው እያለልዎ ለምን ወደ ውስጥ ገቡ?»

ወይዘሮ እልፍነሽ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ እንደሆነ አድርገው አዩት።

«ደኅና ስፍራ ሂዱ አላችሁ። አንተ ውስጥ ነበርክ።»

ኃይለመስቀል ብርድ ልብሳቸውን አስተካከለ።

በማግሥቱ ቢሮ ሲገባ ሚስተር ሃርፐር ዘገባውን ጨርሶ ነበር። ልምምዱ በጠቅላላው መልካም ነው፤ ሕዝቡ በፍጥነት ተንቀሳቅሷል ይላል። ኃይለመስቀል አነበበውና፣ ትርጉም ሳይጠየቅ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ አፍ ተናገረ። ወደ ውስጥ ነበር ወይስ ወደ ውጭ ትክክለኛው አላቸው። ፈረንጁ እንደ መሣሪያው ዓይነት ነው አለ፤ አንዳንዱ ከቤት ውጭ ያለውን ይገድላል፣ አንዳንዱ ከቤት ውስጥ ያለውን። የትኛው እንደሚመጣ በምን ይታወቃል ሲለው፣ ከመጣ በኋላ ይታወቃል አለ። ፌዝ አልነበረም፤ ፊቱ ላይ ድካም ነበር። ሻለቃ ግርማ ኮረብታው ላይ ያለው መሣሪያ ከሠራ ሁለቱም አያስፈልግም አለ። ባይሠራስ? ሻለቃው ወረቀት ማስተካከል ጀመረ።

ኃይለመስቀል ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ቢሮው አልሄደም። ይቀጡኛል ብሎ ጠበቀ፤ የጠራው የለም። ወደ ክፍሉ ተመልሶ የግሥ እርባታ ማስተማር ቀጠለ። እናቱ እጃቸው እስኪድን ሐዲያ ቤት ሰነበቱ፤ ቀን ቀን እሱ ትምህርት ቤት ስለሚውል የሚያበላቸው ሰው ያስፈልግ ነበርና። የጾም ምግባቸውን ሐዲያ ለብቻ ድስት አበጅተው ያበስሉላቸው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጧት መኪናዎቹ እየተጎተቱ ከሐኪም ጋራ ወረዱ። ለምን እንደሆነ ያወቀ የለም። ኃያላኑ ተስማምተው ነው የሚል ነበር፤ ወደ ጅጅጋ ተዛውሮ ነው የሚልም ነበር፤ ተበላሽቶ ነው ያለም አልጠፋ። ሚስተር ሃርፐር በዚያው ሳምንት ሄደ። በድሪ ሲወርዱ ከማሳው ጠርዝ ቆሞ ያይ ነበርና ከሰዓት በኋላ ኃይለመስቀልን ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ጠራው። ነፋስ ከሸራዎቹ አንዱን ገልቦት ውስጡን አይቷል።

«ባዶ ነው» አለ። «የብረት አልጋ የመሰለ ነገር ብቻ። ሮኬት የሚባል ነገር የለበትም።»

አንዱ ባዶ ሆኖ ሌሎቹ ሙሉ ሊሆኑ ይችላሉ አለ ኃይለመስቀል። ምናልባትም ሮኬቶቹ ቀድመው ወርደው ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ከመጀመሪያው ከማዶ ላሉት እንዲታይ ብቻ የቆመ ነው። ይህን እያለ ከበድሪ ጋር ወደ ሻለቃ ግርማ ቤት ሄዱ። ሻለቃው የቤት ልብሱን ለብሶ በር ላይ አነጋገራቸው። የበድሪን ቃል ሰማ።

«ሸራውን እንድናነሣ አልተፈቀደልንም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሙሉ ነው ብዬ ነበር የምጠብቀው። እኔም እንደ እናንተ ነኝ።»

ሁለቱ ወዳጆች ወደ ኮረብታው ወጡ። በድሪ ደስ ይበለው ወይስ ይናደድ አላወቀም ነበር፤ ባዶ ከሆነ ያን ሁሉ ወር ማንም አልጠበቃቸውም፣ ባዶ ከሆነ ግን ማንንም የሚያስቆጣ ነገር አልነበረም፤ ከማዶ ያሉት ደግሞ ባዶነቱን አያውቁም፣ ስለዚህ ተቆጥተው ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ እዚህ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ። ማሳው መሃል ሰፊ ሲሚንቶ ተነጥፏል። ዙሪያው ያለው ቡና አቧራ ለብሶ ቆሟል።

መሬቱ ተመልሷል ብሎ ለበድሪ የነገረው የለም። አልተመለሰም ያለውም የለም። እንደገና ሊመጡ ይችላሉ፤ ሲሚንቶውን የነካ ሰው የመንግሥት ንብረት አጠፋ ሊባልም ይችላል። በድሪ ይህን ሁሉ ለኃይለመስቀል ነገረውና ምን ላድርግ አለው።

«አላውቅም» አለ ኃይለመስቀል።

በድሪ ከማሳው ዳስ ገብቶ ዲጅኖና መዶሻ ይዞ ወጣ። ሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ አንድ ስንጥቅ ፈለገ፤ አገኘና ዲጅኖውን ተከለበት። የመጀመሪያው ምት ምንም አላደረገም። ኃይለመስቀል ኮቱን አውልቆ ቡናው ላይ ሰቀለ፤ ዲጅኖውን ያዘለት።

«ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ እጅህን እንዳልመታህ» አለ በድሪ፤ መዶሻውን አነሣ።